ዲሴፕሽን ፓስ በ19 ጫማ ጀልባ፦ ድልድዩን በስንት ሰዓት ነው ማለፍ ያለብን?

ባለ19ጫማ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኦገስት ሁለተኛው ቅዳሜ ከሲያትል ጀልባ ጎትተን ዲሴፕሽን ፓስ ወደሚባለው ጠባብ የባሕር በር ልንሄድ ነው። ጀልባው 19 ጫማ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ፋይበርግላስ፣ ባለ 115 ፈረስ ጉልበት አውትቦርድ (ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር)፣ ታንኩ 30 ጋሎን። ሰው አምስት፦ ሦስት አዋቂ፣ የ6 እና የ11 ዓመት ልጆች። እስካሁን የተነዳው ሌክ ዋሽንግተን ላይ ብቻ ነው።

ዕቅዱ፦ ጠዋት 4 ሰዓት ኮርኔት ቤይ ራምፕ ላይ ማውረድ፣ በድልድዩ ሥር ወደ ምዕራብ መውጣት፣ ቦውማን ቤይ ምሳ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት መመለስ። የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ አይቻለሁ፤ ሙላቱ ጫፍ የሚደርሰው 5:40 ነው ይላል። ያኔ ውሃው ይቆማል ብዬ በዚያ ሰዓት ላሳልፍ አስቤያለሁ። ልክ ነኝ? ሌላስ ምን ልያዝ?

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
መጀመሪያ ሰዓቱን እናጥራው። 4 ሰዓት ያልከው በእኛ ነው። 5:40 ያልከውስ? ከሠንጠረዡ እንዳለ ከገለበጥከው በፈረንጅ ነው፤ ለውጠኸውም ሊሆን ይችላል። እዚህ ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃው አንዴ ቆሞ እንደገና እስኪቆም ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለውም ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ብትሳሳት ውሃውን ቆሞ ልታገኘው ትችላለህ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፍሰት ግን ከጠበቅከው ተቃራኒ ይሆናል። ስህተትህን የምታውቀው ተመልሰህ መግባት ሲያቅትህ ነው። ከዚህ በኋላ ሁላችንም በፈረንጅ ብቻ እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ የያዝከው ሠንጠረዥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ የውሃውን ከፍታ ነው የሚነግርህ። አንተ የምትፈልገው የፍሰት ሠንጠረዥ ነው፤ ኖዋ የሚባለው የአሜሪካ የባሕርና የአየር ጥናት መሥሪያ ቤት ለዲሴፕሽን ፓስ ጠባቡ ቦታ ለብቻው ያወጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፓሱ ከዊድቢ ደሴት በስተሰሜን ያለ ጠባብ በር ነው። በምዕራብ በኩል ሁዋን ደ ፉካ ከሚባለው ሰፊ የባሕር ሰርጥ የሚመጣው ውሃ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ስካጂት ቤይ አለ፤ ወደዚያ የሚገባው ውሃ አብዛኛው ዊድቢን በደቡብ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ የሁለቱ ወገን ከፍታ እኩል አይራመድም። ፍሰቱ የሚሮጠው ከፍ ካለው ወገን ወደ ዝቅተኛው ነው፤ የሚቆመው ደግሞ ሁለቱ ሲተካከሉ ነው። ያ ሰዓት ውሃው ጫፍ ከደረሰበት ሰዓት ጋር አይገጥምም። በከፍታ ሠንጠረዥ ተመርቶ የመጣ ሰው ውሃው ሞልቶ ሳለ ከሥሩ ሲሮጥ ነው የሚያገኘው።

ያቺን ፍሰቱ ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው ሲዞር የሚረጋባትን አጭር ጊዜ ስላክ ይሏታል። እዚህ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሙላት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ጉድለት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውጭ። ኖዋ ላይ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ካየህ ጉድለት ነው። በሚበረታባቸው ቀናት 8 ኖት ይደርሳል (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)።

ባለ19ጫማ፦
5:40 በእኛ አድርጌ የጻፍኩት ነው፤ በፈረንጅ 11:40 ነበር። አሁን ገባኝ፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር። የፍሰት ሠንጠረዡን ሳገኝ እንዴት ነው የማነበው?

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
የሚከተለው ማሳያ ነው እንጂ የአንተ ቀን አይደለም፤ የራስህን ቀን ራስህ አውጣ።

ስላክ 9:50 ጠዋት
ከፍተኛ ሙላት 1:00 ከሰዓት፣ 5.8 ኖት ወደ ምሥራቅ
ስላክ 4:00 ከሰዓት
ከፍተኛ ጉድለት 7:10 ምሽት፣ 6.5 ኖት ወደ ምዕራብ

በመካከል ያለውን ለመገመት መርከበኞች የሚጠቀሙባት ቀላል ስሌት አለች፦ ከስላክ አንድ ሰዓት በኋላ የከፍተኛው ግማሽ፣ ሁለት ሰዓት በኋላ 90 በመቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሙሉው። ስለዚህ በማሳያው ቀን 10:50 ላይ 2.9 ኖት፣ 11:50 ላይ 5.2 ኖት ይሆናል። አንተ ልታልፍ ያሰብከው 11:40 ላይ ነበር።

ለ19 ጫማ ጀልባና ለአዲስ ነጂ ከስላኩ በፊትና በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ያኔ ፍሰቱ 1.5 ኖት አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ አትለጥጠው። ማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ከሆነ የያዝከው የበጋው ሰዓት መጨመሩን አረጋግጥ፤ አንዳንዱ በመደበኛ ሰዓት ነው የሚታተመው፣ በኦገስት አንድ ሰዓት ትደምርበታለህ።

ፈረስጉልበት፦
ሰው አታስፈራሩ እንጂ። 115 ፈረስ 19 ጫማ ላይ 30 ኖት ይሮጣል። 6 ኖት ምን ያደርገዋል? ገፍቶ ማለፍ ነው። ስላክ የሚጠብቁት ሸራ ጀልባዎችና በ6 ኖት የሚያዘግሙት ናቸው።

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
ፍጥነቱ ይበቃል፣ እሱ ላይ አልከራከርህም። ጀልባ የሚገለብጠው ግን የቁጥር ልዩነት አይደለም። 6 ኖት ላይ ፓሱ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ወጥ ሆኖ አይፈስም፤ በሁለቱም ዳር ወደ ኋላ የሚዞር አዙሪት አለ፣ መሐል ላይ ከታች እየፈላ የሚወጣ ውሃ አለ። የሚሮጠውና የሚዞረው የሚገናኙበት መስመር ላይ የጀልባህ አፍንጫ በአንዱ፣ ቂጡ በሌላው ይያዝና ወደ ጎን ይጠመዝዝሃል። በ25 ኖት ስትሮጥ ያ መስመር ድንገት ከመጣ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ፍጥነት ቀንሰህ ከገባህ ደግሞ ያ የምትመካበት ጉልበት የለህም።

ሌላው ምዕራቡ አፍ ነው። በበጋ ከሰዓት በሁዋን ደ ፉካ ላይ የምዕራብ ነፋስ ይነሳል፤ ማታ አካባቢ የብርቱ ነፋስ ማስጠንቀቂያ መውጣቱ የተለመደ ነው። ጉድለቱ ወደ ምዕራብ ሲሮጥ ነፋሱና የባሕሩ ሞገድ ፊት ለፊት ይገጥሙታል። ያኔ ሞገዱ ያጥርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዱን ወጥተህ ሳትወርድ ሌላው ይመጣል። ፊቱ ክፍት የሆነ ጀልባ ውሃ የሚጠጣው እዚያ ነው። ለዚህ ነው ጉድለትና የምዕራብ ነፋስ አብረው ካሉ በዚያ በኩል አትግባ፣ አትውጣ የሚባለው፤ ባለ 300 ፈረስም ብትሆን።

ፈረስጉልበት፦
የክፍት ፊቱን ነገር ተቀብያለሁ። የእኔ ዝግ ነው፣ እሱን አላሰብኩም።

ሐይቅዳር፦
አንድ ጥያቄ፦ መጀመሪያ ጊዜ ለሚያልፍ ሰው ከፍሰቱ ጋር መሄድ ነው የሚሻለው ወይስ ፍሰቱን እየገፉ? ሁለቱንም ሲሉ እሰማለሁ።

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
ደካማ ፍሰት ከሆነ እየገፉ መሄድ ለመማር ይሻላል። ውሃው ፊት ለፊት ሲመጣ ጀልባው ከመሬት አንጻር በዝግታ ይሄዳል፣ መሪው ግን ይታዘዝልሃል። ካልጣመህ ማርሹን ዝቅ ስታደርግ ውሃው ራሱ ወደ መጣህበት ይመልስሃል። ከኋላ ሲገፋህ ግን ማቆም የለም፤ ፊትህ ግንድ ቢመጣ እንኳ ወደ እሱ እየተወሰድክ ነው።

ጉዳዩ የአንተ ምርጫ ብቻ አለመሆኑ ነው። በማሳያው ቀን ጠዋት 9:30 ብትደርስ የጉድለቱ ጅራት ወደ ውጭ ይሸኝሃል፤ ከሰዓት 3:40 ብትደርስ የሙላቱ ጅራት ወደ ውስጥ ያስገባሃል። ሁለቱም ደካማ ናቸው፣ ችግር የለም። በምላሹ መንገድ ግን ከ4:00 ብትዘገይ የሚጠብቅህ እየበረታ የሚሄድ ጉድለትና የከሰዓት ነፋስ ነው። ስለዚህ ለዚያ ዓይነት ቀን ከምሳ መነሻህ 3:15 ነው፤ ልጆቹ አሸዋው ላይ ቢያለቅሱም።

ኤቨረት_ጋራዥ፦
የሰዓቱን ነገር ለባለቤቱ ትቼ ስለ ጀልባው ልናገር። ሐይቅ ላይ ብቻ የተነዳ ጀልባ ወደ ጨው ውሃ ሲሄድ እነዚህ ናቸው የሚበላሹት።

ትሬለሩ። ከሲያትል በአይ 5፣ ከዚያ በ20 ቁጥር መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትጎትታለህ። የጎማው ቋት ስትደርስ ትኩስ ነው። ትኩሱን ቋት ወዲያው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ብትነክረው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በማሸጊያው በኩል ጨው ውሃ ይስባል፤ ግሪሱ ወተት ይመስላል፣ ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ ኩሽኔቱ መንገድ ላይ ይነክሳል። እቃ ስትጭን፣ ገመድ ስታስር 20 ደቂቃ ቆይ፤ በእጅህ ነክተህ ለብ ማለቱን እይ። የመብራቱን ሶኬት ከመኪናው ንቀል።

የማፍሰሻ ቡሹ። ከኋላ በታች ያለችው። እቤት ውስጥ ትገጠም እንጂ ራምፕ ላይ አይደለም፤ ራምፕ ላይ ወረፋ አለ፣ ሰው ይጠራሃል፣ ትረሳታለህ።

ሞተሩ። እንደተነሳ ከጎኑ የምትወጣውን ቀጭን ውሃ ተመልከት። ደርቃ ከሆነ ወይም ከተቆራረጠች አትሂድ። ያለፈ ዓመት ቤንዚን ከሆነ ታንኩ ውስጥ ያለው፣ ኢታኖሉ ውሃ ስቦ ሊሆን ይችላል፤ የነዳጅ ማጣሪያውን ለውጥ፣ አንድ ትርፍ ማጣሪያና መክፈቻውን ጀልባው ላይ ያዝ። ሞተር ፓሱ መሐል ላይ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፦ ሐይቅ ላይ ታንኩ ግርጌ የተቀመጠው ቆሻሻ ሞገድ ሲያናውጠው ይነሳል።

ኬልፕ። ምዕራብ በኩል አለቶቹ አጠገብ ወፍራም የባሕር አረም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ታያለህ። ኬልፕ ባለበት ከሥሩ ድንጋይ አለ ማለት ነው፤ ራቅ። ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ማርሹን ባዶ አድርግ፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ወደ ኋላ ስጥ፤ ካልተፈታ ሞተሩን አጥፍተህ አንሳና በእጅ አውጣ። የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ከደፈነ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሰምተህ ትንሽ ልሂድ ካልክ ሞተሩን ነው የምትከፍለው።

ነዳጅ። በመካከለኛ ፍጥነት ይህ ሞተር በሰዓት ከ5 እስከ 6 ጋሎን ይጠጣል። የቀኑ ሥራ ከ10 ጋሎን ብዙም አያልፍም። ሞልተህ ና፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው አይነካም።

ማታ እቤት ስትመለስ በንጹሕ ውሃ 10 ደቂቃ ሞተሩን እጠበው፤ ትሬለሩን፣ ፍሬኑን፣ ብሎኖቹን ጭምር። ደክሞኛል ነገ ይደርሳል ያለ ሰው ጨው እንደማይተኛ ይማራል።

እመ_ሁለት፦
ስለ ልጆቹ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ።

የዋሽንግተን ሕግ የሚለው ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ ዕድሜው 12 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ጀልባው እየሄደ ላይፍ ጃኬት ይልበስ ነው። የአንተ ልክ 19 ከሆነ በሕጉ ፊደል ነፃ ነህ፤ 18 ከ11 ኢንች ከሆነ ግዴታ ነው። ውሃው ኢንቹን አይለካም። እዚያ አካባቢ በኦገስትም ውሃው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሐይቁ ላይ ከለመዳችሁት ጋር አይገናኝም። የሚያስተምሩት ቁጥር 1፣ 10፣ 1 ነው፦ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ለ10 ደቂቃ ያህል እጅና እግሩ ይታዘዙለታል፣ ራሱን እስኪስት 1 ሰዓት ገደማ አለው። በዚያች በመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይፍ ጃኬት ፈልጎ ማጥለቅ የለም። ስለዚህ አዋቂዎቹም ይልበሱ፤ ልጆቹ ወላጆቻቸው ያደረጉትን ነው የሚያደርጉት።

የልጅ ጃኬት በክብደት ነው የሚገዛው፣ በዕድሜ አይደለም። ለማየት፦ ልጁ ለብሶ እጁን ወደ ላይ ያንሳ፣ በትከሻው ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጆሮውን ካለፈ ሰፊ ነው። የ6 ዓመቱ በእግሮቹ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁንለት።

ሌላ፦ ፓሱን ስታልፉ ማንም ሰው ፊት ያለው ክፍት መቀመጫ ላይ አይሁን። ያ ክብደት አፍንጫውን ወደ ታች ያስደፋዋል፣ ሞገድ የሚገባውም በዚያ ነው። ልጆቹ ከነጂው ኋላ፣ ወለል ላይ ወይም መቀመጫ ላይ ተጠግተው ይቀመጡ።

ደግሞ ጆሮ። የባሕር ኃይሉ አየር ጣቢያ ዊድቢ ላይ ቅርብ ነው፤ የጦር አውሮፕላኖቹ ሲነሱ ድምፁ ደረት ይመታል። ለትንሹ ጆሮ መሸፈኛ ያዙለት፣ አለዚያ ቀኑ በለቅሶ ያልቃል።

ባለ19ጫማ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የላይፍ ጃኬቱን በክብደት መሆኑን አላውቅም ነበር። ምሳስ ምን ይሻላል? ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው።

እመ_ሁለት፦
ወጥ አትያዙ። ሹሮ ጀልባ ላይ ማለት ወለሉ ላይ ያለቀ ሹሮ ነው። ጠዋት በዘይት የተሠራ የጾም ፍርፍር በክዳን በሚዘጋ ሳህን፣ ማንኪያ ለየሰው። የድንች ሳንዱች፣ ቆሎ፣ ሐብሐብ ተቆርጦ። ውሃ ለሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር። ማቅለሽለሽ ለሚነካው ዝንጅብል ጥሩ ነው፤ ኪኒን ከሆነ ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚዋጠው፣ ከጀመረ በኋላ አይሠራም። ቅዳሴ አስቀድሞ እስኪፈታ የሚጾም ካለ ደግሞ ባዶ ሆድና ሞገድ አይስማሙም፤ ለእሱ ሌላ ቀን ምረጡለት።

ሲያትል98118፦
ክራብ አትይዙም? በጋ ሙሉ ሰዉ እዚያ የሚወርደው ለእሱ ነው።

እመ_ሁለት፦
ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነው፤ ብዙዎቻችን አንበላውም። የሚበላ ይመልስ።

ፈረስጉልበት፦
የሚበላ ይመልሳል። ፈቃድና የመያዣ መመዝገቢያ ካርድ ያስፈልጋል። ዳንጀነስ የሚባለው ወንዱ ብቻ፣ ቅርፊቱ የጠነከረ፣ ስፋቱ 6 ከ1/4 ኢንች የሞላ፤ በቀን ለአንድ ሰው 5። የወጥመዱ ተንሳፋፊ ግማሹ ቀይ ግማሹ ነጭ መሆን አለበት፣ ገመዱም የሚሰምጥ ወይም ክብደት የታሰረበት። መዝጊያው ላይ የሚበሰብስ የጥጥ ክር ይታሰራል፤ ወጥመዱ ቢጠፋ ክሩ በስብሶ ክራቡ እንዲወጣ ነው። የተፈቀዱት ቀናት በየአካባቢው ይለያያሉ፣ በዚያው ሳምንት እዩ። ለማይይዝ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በምሥራቅ በኩል ውሃው በእነዚህ ተንሳፋፊዎች የተሞላ ነው፤ ገመዳቸው ፍሰቱ ወደሚመጣበት ወገን ተለጥጦ ነው ወደ ወጥመዱ የሚወርደው። ሁልጊዜ ፍሰቱ በሚሄድበት ወገን እለፉ፣ አለዚያ ፕሮፔለሩ ይሰበስበዋል።

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
ወደ መንገዱ ልመለስ። ከኮርኔት ቤይ ስትወጣ ምልክት የተደረገበትን መስመር አትልቀቅ፤ ወሽመጡ ጥልቀት የለውም፣ በጎደለ ጊዜ ጭቃ ላይ ትቀመጣለህ። ማሪናው አጠገብ ማዕበል ሳታስነሳ ዝግ ብለህ ሂድ። ድልድዩ አንድ የባሕር ማይል ገደማ ነው። ስትሮቤሪ የምትባለዋን ትንሽ ደሴት ካለፍክ ጠባቡ ይታይሃል፤ መሐሉ ላይ ፓስ ደሴት አለ። ዋናው መንገድ ከደሴቱ በስተደቡብ ያለው ነው። በሰሜን ያለው ካኑ ፓስ ጠባብና ጥምዝ ነው፣ ከወዲያ የሚመጣውን አታይም፤ ተወው።

በስላክ ሰዓት ብቻህን አይደለህም። ሁሉም ያቺን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚመጣው፦ 50 ጫማ ጀልባዎች፣ ሸራዎች፣ ሳልሞን አጥማጆች፣ ካያክ የሚቀዝፉ። ትልልቆቹ የሚያስነሱት ሞገድ የድንጋዩን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል፣ ከሁለት ወገን ይመጣብሃል። ፍጥነት ቀንሰህ ሞገዱን በሰያፍ ተቀበለው፤ በጎንህ አትቀበለው፣ በቀጥታም አፍንጫህን አትሰካበት። ጉድለቱ ከወንዝ የሚያመጣቸው ግንዶች አሉ፤ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ውሃውን ብቻ ይይ።

ሲያልፉ ቀና በሉ እንጂ። ድልድዩ 1935 የተከፈተ ነው፤ ከውሃው 180 ጫማ ገደማ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ሲያዩት ከላይ ሆነው ከሚያዩት የበለጠ ያስደነግጣል። ስሙ ማታለል ማለት መሆኑም በከንቱ አይደለም፦ በ1792 የእንግሊዛዊው አሳሽ የጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኞች ዊድቢ የዋናው ምድር ቅጥያ መስሏቸው ነበር፤ ጆሴፍ ዊድቢ ይህችን በር ሲያገኝ ደሴት መሆኑ ታወቀ። ቫንኩቨር ተታልሎ ስለነበር ስሙን እንዲያ አወጣው።

ሐይቅዳር፦
ቦውማን ቤይስ? መልሕቅ ጥሎ መዋል ይቻላል?

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
ይቻላል፤ የሚታሰርባቸው ተንሳፋፊዎችም አሉ፣ ቅዳሜ ግን ቀድመው ይያዛሉ። መግቢያው ላይ ኮፊን ሮክስና ጋል ሮክስ የሚባሉ አለቶች አሉ፤ ካርታው ስልክ ላይ ሳይሆን የባሕር ካርታ በሚያሳይ ጂፒኤስ ላይ ተከፍቶ ግባ።

መልሕቁን ሐይቅ ላይ እንደለመድከው አትጣል። እዚህ ውሃው ይነሳል። 10 ጫማ ላይ ብትቆም፣ ከውሃው እስከ አፍንጫህ 3 ጫማ ጨምር፣ እስክትሄድ የሚነሳው 7 ጫማ ቢሆን ጠቅላላው 20 ይሆናል። ያንን በ5 አባዛ፤ 100 ጫማ ገመድ። ከመልሕቁ ቀጥሎ ቢያንስ 10 ጫማ ሰንሰለት ይኑር። ከጣልክ በኋላ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ስጥና መንከሱን እይ። ተቃራኒውም አለ፦ ውሃው እየጎደለ ሳለ ዳር ላይ አፍንጫውን አሸዋ ላይ ሰክተህ ምሳ የበላህ እንደሆነ ከምሳ በኋላ ጀልባው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ 19 ጫማ በአምስት ሰው አይገፋም።

ጥግ ላይ ሮዛሪዮ አለ፣ በእግር ይደረሳል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚሾች የኮክዋልአልውት ታሪክ የተቀረጸበት ምሰሶ እዚያ ቆሟል፤ ለባሕሩ የተሰጠችው ልጅ፣ በአንድ ወገን ሰው በሌላው የባሕር። ልጆቹን ውሰዷቸው።

ወደብ_ጠያቂ፦
ጀልባችን ሬኒየር ቢች ራምፕ ላይ ነው የምናወርደው። ሳንጎትት በውሃ ብንሄድስ? ሌክ ዋሽንግተንን ከባሕሩ በሚያገናኘው የውሃ በር፣ በባላርድ ሎክስ አድርገን።

ኤቨረት_ጋራዥ፦
ለአንድ ቀን አይሆንም። ከሲያትል በሳራቶጋ በኩል ወደ 50 የባሕር ማይል ነው፣ መሄጃው ብቻ። ሎክሱን ለሌላ ቀን ለመለማመድ ከሆነ፦ ክፍያ የለውም። 50 ጫማ የሆኑ ሁለት ገመዶች፣ ጫፋቸው 12 ኢንች ቀለበት ያለው፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ። ፌንደር (ጀልባው ግድግዳ እንዳይመታ የሚንጠለጠል ትራስ) በሁለቱም ጎን። ከሐይቅ ወደ ባሕር ስትወርድ በትልቁ ክፍል ውስጥ ገመዱን ክሊት (የጀልባው ገመድ ማሰሪያ ብረት) ላይ ቋጥረህ አትልቀቅ፤ ውሃው ሲወርድ ጀልባው ተንጠልጥሎ ይቀርና ክሊቱን ከፋይበርግላሱ ይነቅለዋል። አንድ ዙር አድርገህ በእጅ እየለቀቅክ ውረድ። ሠራተኞቹ የሚሉህን ብቻ አድርግ፤ በበጋ ቅዳሜ ረጅም ጥበቃ አለ። ከጎኑ ያለውን የሳልሞን መሰላል ጁላይ ላይ ልጆች ይወዱታል።

ሐይቅዳር፦
ስለ ወረቀትና መሣሪያ ማንም አላለም። በአጭሩ፦ ከጃንዋሪ 1፣ 1955 በኋላ የተወለደ ሰው 15 ፈረስና ከዚያ በላይ ሲነዳ የጀልባ ትምህርት ካርድ መያዝ አለበት። ለየሰው ላይፍ ጃኬት፣ ተጨማሪ አንድ የሚወረወር። ከ26 ጫማ በታች ከሆነ የሞተር ማጥፊያ ገመዱን ነጂው ራሱ ላይ ያስር፤ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ነው። የእሳት ማጥፊያው ከተመረተ 12 ዓመት ካለፈው አይቆጠርም። ሦስት የምልክት ርችት፤ ከተመረቱ 42 ወር ነው ዕድሜያቸው፣ ቀኑን እዩት። ቪኤችኤፍ የሚባለው የባሕር ሬዲዮ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ ክፍት ይሁን፤ ገደሉ ሥር ስልክ ላይ አትተማመኑ። 20 ጫማ ያልሞላ ጀልባ ላይ ስንት ሰውና ስንት ክብደት እንደሚችል የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ አምስት ሰው፣ ቤንዚን፣ በረዶ ሳጥን ደምሩ። ቢራ ለነጂው የለም፤ ገደቡ እንደ መኪናው 0.08 ነው።

ዓሣ ነባሪ ኦርካ ካያችሁ ደግሞ ፎቶ ብላችሁ አትጠጉ። ከ2025 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪ ለሆኑት ኦርካዎች ርቀቱ 1,000 ያርድ ነው። የትኞቹ መሆናቸውን ከጀልባ ላይ መለየት ስለሚከብድ ለሁሉም ራቁ።

ጣና_ዳር፦
ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ሁሉ የስሌት ጣጣ ይገርማል። ጣና ላይ የከሰዓት ነፋሱን ነው የምንፈራው፣ ጠዋት ወጥቶ ቀድሞ መመለስ ነው። ውሃው ራሱ በሰዓት ሲመላለስ አናውቅም። እዚያ ስላኩ የማይመች ቀን ከሆነስ? ጉዞው ይቀራል?

ሳሊሽ_ቀዛፊ፦
አይቀርም፤ ድልድዩ ነው የሚቀረው። ስላኩ 12:30 እና 6:40 ላይ ከወደቀ፣ ነፋሱም ከተነሳ፣ ምሥራቁ ይበቃል። ሆይፐስ ፖይንትን አልፎ ሆፕና ስካጂት የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ሁለቱም የመንግሥት ፓርክ ናቸው፣ ከምዕራቡ ነፋስ ጥላ አላቸው። ከኮርኔት ቤይ ቅርብ ነው፣ ፓሱን አትነካም። ድልድዩን ደግሞ መኪናውን አቁማችሁ በእግር ከላይ እዩት፤ 6 ኖት ሲሮጥ ከላይ ነው የሚያምረው። ጀልባ የሌለው ሰውም ከዚያው አካባቢ የሚነሱ ባለፈቃድ አስጎብኚ ጀልባዎች አሉለት።

ጉም ደግሞ አትርሱ። ኦገስት ጠዋት ከምዕራብ በኩል ይገባል፤ ኮርኔት ቤይ ፀሐይ ሆኖ ድልድዩ ማዶ ነጭ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ራዳር የሌለው ጀልባ ወደዚያ አይገባም። ስላኩ ካለፈ አለፈ፣ ምሥራቁ አለ።

ባለ19ጫማ፦
የፍሰት ሠንጠረዡን ለቀናችን አወጣሁ። ያስተካከልኩት ይህ ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ፦ ራምፕ ላይ 8:00፣ ቋቱ ሲበርድ 8:30 ማውረድ። ድልድዩ ጋ ከስላኩ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ መድረስ፤ ጉም ካለ ወይም ከግማሽ ሰዓት በላይ ከዘገየን ሆፕ ደሴት። ከምሳ የምንነሳው ከሁለተኛው ስላክ 45 ደቂቃ ቀድሞ። ልጆቹ ከኋላ። ፍርፍር። የቀረ ነገር አለ?

ኤቨረት_ጋራዥ፦
8:00 ዘግይተሃል። የኦገስት ቅዳሜ ስላኩ ጠዋት ከሆነ ራምፑ ላይ ተሰልፈው ነው የምታገኛቸው፤ 7:15 አድርገው። ቡሿን ደግሞ አርብ ማታ ግጠማት።